የወባ መድኃኒት ፈዋሽነት ፍተሻ በጠረፍ ቆላ

ኢትዮጵያን የወባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ከድቷታል። ክሎሮኪን ፋልሲፓረም የሚባለውን ገዳይ የወባ ዝርያ ማጥፋት ሲሳነው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፋንሲዳር ተተካ። እሱም ብዙ አልቆየም። በ2003 በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች በተደረገ ፍተሻ በ28ኛው ቀን ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ ሳይድኑ ተገኙ። በ2004 ኮአርተም መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የፋልሲፓረም ሕክምና በዋናነት የቆመው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ኮአርተም ዛሬም ይፈውስ እንደሆነ በየጊዜው መፈተሽ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ተውሳኩ ከተገኘበት፣ ሕመሙ ካልጠናበትና ፈቃደኛ ከሆነ ይመዘገባል። መድኃኒቱን ባለሙያ እያየው ይውጣል፤ ወዲያው ካስመለሰው ይደገምለታል። ከዚያም በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው፣ በ21ኛውና በ28ኛው ቀን እየተመለሰ ይመረመራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መድኃኒቱ ያልፈወሳቸው ታማሚዎች ከ10 በመቶ ሲበልጡ ሕክምናው ይቀየር ይላል።

ችግሩ ያለው በቀኖቹ ርዝመት ነው። ጋምቤላ ውስጥ ወባ የሚበረታው ዝናብ መንገዱን በሚያበላሽበት ወቅትና ከዚያም ቀጥሎ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው ደግሞ ለ21ኛው ቀን ምርመራ እርሻውን ትቶ ለመምጣት ምክንያት አይታየውም። ቢመጣም ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ በደሙ የታየው መድኃኒቱ የሳተው ተውሳክ ነው ወይስ በወሩ ውስጥ ሌላ ትንኝ ያመጣችው? ይህን ለመለየት በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ ጠብታ ደም ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል፤ የፊተኛውና የኋለኛው ተውሳክ ዘረመልም ይነጻጸራል። ቫይቫክስ በሚባለው ሌላው የወባ ዝርያ ላይ ይህ ዘዴ እንኳ አያጠግብም፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከርሞ ራሱ ይመለሳልና።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለቀው አካባቢ ያደገ አዋቂ ሰውነቱ በሽታውን ስለሚታገል፣ የደከመ መድኃኒት እንኳ ጠንካራ መስሎ ይታያል። እንዲህ ባለ ቦታ ፍተሻው ሕፃናት ላይ የሚያተኩረው ለዚህ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ባሉት በመተማና በሁመራ ግን ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭድ ወጣት። ሰውነቱ ወባን አያውቅም፤ ስለዚህ የመድኃኒቱን እውነተኛ ጉልበት ከእሱ የበለጠ የሚያሳይ የለም። አጨዳው ሲያልቅ ግን ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ 28ኛው ቀን ሲደርስ እዚያ አይገኝም። በዚህም የተነሣ የጥናት ሰዎች ቋሚ ነዋሪውን መመዝገብ ይቀልላቸዋል። ይህ ያሳስበኛል። ምክንያቱም በኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን የአርቴሚሲኒን ወገን ከመቋቋም ጋር የተያያዘው 622 የሚባለው የዘረመል ለውጥ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በዚሁ በሰሜን ምዕራብ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች 8 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ኤርትራ ውስጥ ደግሞ በ2016 ከ10 በመቶ በታች የነበረው በ2019 ወደ 21 በመቶ ወጥቷል።

ሆኖም ኮአርተም በኤርትራም አብዛኛውን ታማሚ እየፈወሰ ነበር፤ አርቴሚሲኒኑ ሲዘገይ አጋሩ ሉሜፋንትሪን የቀረውን ይጠርጋል። ሉሜፋንትሪን ደግሞ በደንብ የሚሰርገው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። በፍተሻው ላይ አወሳሰዱን ባለሙያ ይከታተላል። በሰሊጥ እርሻው ዳስ ውስጥ ግን በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን የሚወሰደውን ኪኒን ወጣቱ የሚውጠው ባገኘው ምግብ፣ አንዳንዴም በባዶ ሆዱ ነው። በእኔ እምነት ቀጣዩ ፍተሻ መጀመር ያለበት ከዚያ ዳስ ነው፤ ማይክሮስኮፑም የደም ወረቀቱም በአጨዳው ወራት ወደ ሠራተኛው መሄድ አለባቸው፤ ቀዬውም ድረስ የሚከተለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከወዲሁ ሊዘጋጅለት ይገባል።