አስኳሉ የትኛው ቃል ነው?

በአዊ፣ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ሰዋስዉን ያጠና ጎበዝ ተማሪ እንኳ ሲናገር ብዙ ጊዜ ቃላቱን ሁሉ በእኩል ጉልበት አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ሰሚው እያንዳንዱን ቃል ይሰማል፤ ዋናው ነገር የቱ ላይ እንዳለ ግን አይያዝለትም። ይህን የሚያስይዘው የዜማ ሐረግ ነው። ከሰዋስው እኩል ጊዜ ሊሰጠው ይገባል ባይ ነኝ።

የዜማ ሐረግ በአንድ የድምፅ ጉዞ የሚወጣ ቁራጭ ንግግር ነው። ሲያልቅ የመጨረሻው ቃል ረዘም ይላል፣ ድምፁ ይወርዳል ወይም ይነሣል፤ ቀጣዩ ሐረግ ደግሞ እንደ አዲስ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ዝምታ በመካከል ሊኖር ይችላል፣ የግድ ግን አይደለም። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ዋላስ ቼፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ሐረግ በአማካይ አምስት ቃል ያህል እንደሆነና ከአንድ በላይ አዲስ ሐሳብ እንደማይሸከም አሳይቷል።

የሐረጉን ውስጥ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1922 ራስ፣ አስኳልና ጭራ ብሎ ከፍሎታል። በፈረስ አገር ነንና ምሳሌያችን «ማይ ብራዘር ቦት ኤ ሆርስ» ይሁን፤ ወንድሜ ፈረስ ገዛ። ወሬው እንዲሁ ሲነገር ድምፁ ጎላ ብሎ የሚለወጠው «ሆርስ» ላይ ነው፤ አስኳሉ እሱ ነው። ከ«ብራዘር» ጀምሮ እስከዚያ ያለው ራስ ይባላል። «ማን ገዛ?» ለሚል ግን አስኳሉ ወደ «ብራዘር» ይመጣል፤ «ቦት ኤ ሆርስ» ዝቅ ብሎ የሚከተል ጭራ ይሆናል። ሸጠ ብሎ የተሳሳተውን ለማረም ደግሞ አስኳሉ «ቦት» ነው። አማርኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው ለዓረፍተ ነገሩ አሠራር ይሰጠዋል፦ «ፈረሱን የገዛው ወንድሜ ነው»፣ «ገዛ እንጂ አልሸጠም»። እንግሊዝኛ ቃላቱን ከቦታቸው ሳያነቃንቅ በድምፅ ብቻ ይጨርሰዋል።

የሐረጉ ድንበርም ትርጉም ይለውጣል። «እንጅባራ የሚኖረው ወንድሜ» የሚለው በእንግሊዝኛ በአንድ ሐረግ ከተነገረ ከወንድሞቼ መካከል የትኛው እንደሆነ ይለያል። «እንጅባራ የሚኖረው» ለብቻው ሐረግ ከሆነ ግን ማንነቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚኖርበት ቦታ ተጨማሪ ወሬ ብቻ ነው።

የአዊ ተማሪ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። አዊኛ፣ ብዙ ሰው አገውኛ የሚለው፣ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃሉ አካል የሆነበት ቋንቋ ነው። ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ሦስት ደረጃዎችን ለይቷል፤ ኋላ አንድሪያስ ዮስዊግ ሁለት ናቸው ብሎ ተከራክሯል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ድምፅ የሚገኘው በቃል መጨረሻ ብቻ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ደግሞ የግዕዝ ንባብን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ ብሎ ለይቶ ያውቃል። ሁለቱም ጆሮን ለድምፅ ያሠለጥናሉ፤ የሚያሠለጥኑት ግን በቃል ልክ ነው። እንግሊዝኛ ያንኑ ችሎታ ለሐረግ ያውለዋል። መምህሩ ተማሪው የሚያውቃቸውን ተነሽና ወዳቂ የሚሉ ስሞች ጠርቶ ቢጀምርና «አሁን የሚነሣውና የሚወድቀው ሐረጉ ነው» ቢለው መንገዱ ያጥራል።

ልምምዱ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ወስዶ የሐረጎቹን ድንበር በጭረት መለየት፣ የየሐረጉን አስኳል ማስመር፣ ከዚያም ለአንድ ዓረፍተ ነገር የተለያየ ጥያቄ እያቀረቡ አስኳሉን ማዘዋወር ነው። ከሁሉ ጊዜ የሚፈልገው ጭራው ይመስለኛል። «ማን ገዛ?» ተብሎ «ብራዘር» ላይ ድምፁን ያሳረፈ ተማሪ «ሆርስ» ላይ ሲደርስ እንደገና ካነሣው፣ ሰሚው ፈረሱ ራሱ አዲስ ወሬ ሆኖ የመጣ ይመስለዋል።