የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በሕግ እንዲደገፍ፤ ከጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አንጻር

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በሊቃውንት መፍለቂያነታቸው ስማቸው የሚነሣ አካባቢዎች ናቸው። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለዘመናት ያገለገሉ ሲሆን፣ ከሩቅ አገር ስንቁን ቋጥሮ ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚመጣ ተማሪ ዛሬም አለ። በእነዚህ የአብነት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ውድ ሀብት ነው። በደብሩ ዕቃ ቤት ሲቀመጥ በኃላፊነት የሚጠብቀው ሰው ይመደብለታል፤ ተማሪውም መጽሐፉን የሚያገኘው ይዘቱን ጠንቅቆ ከሚያውቅ መምህር ጋር ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያለው ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ክፍል ተሠርቶ፣ መደርደሪያ ተገጥሞ፣ በልገሳም ሆነ በግዥ መጻሕፍት ገብተው፣ በሩ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈ በኋላ አገልግሎቱን በባለቤትነት የሚመራ ባለሙያ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በተለይም በገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራው ሙሉ የማስተማር ጫና ላለበት መምህር በተደራቢነት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው መምህሩ ትርፍ ሰዓት ሲያገኝ ብቻ ይሆናል። ትጉህ ርዕሰ መምህር ሲመጣ ይነቃቃል፤ ርዕሰ መምህሩ ሲዛወር ይቀዘቅዛል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ይደገፍ የሚለው ጥያቄ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

የጉዳዩ አሳሳቢነት

የንባብ ችግር የሚጀምረው ከታችኛው ክፍል ነው። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ክሂል ምዘና እንዳሳየው፣ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዓመታት በኋላ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ሁሉንም ይፈታል ማለት አይቻልም። ይሁንና በ2ኛ ክፍል አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ ታሪኩንም ሆነ ሳይንሱን ከመጽሐፍ መቅሰም እንደሚሳነው ግልጽ ነው።

በጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ችግሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ ሥር አንሥቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርደው ይህ አካባቢ በገደላማ መልክዓ ምድሩ፣ በተራቆተ መሬቱና በተደጋጋሚ ድርቅ ይታወቃል። በርካታ አባወራዎችም በምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲታቀፉ ቆይተዋል። በዚህ ሁኔታ ለሚኖር ቤተሰብ አጋዥ መጽሐፍ ገዝቶ ለልጁ መስጠት ከአቅም በላይ ነው። በከተማ ያለ ተማሪ በኢንተርኔት ወይም በግል ትምህርት የሚያሟላውን ጉድለት፣ የቆላ ስማዳ ተማሪ የሚሞላበት ቦታ ቢኖር የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝቡ የጤና፣ የትምህርትና ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው የማሳደግ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 51 የፌዴራሉ መንግሥት በትምህርት መስክ አገር አቀፍ መመዘኛዎችን የማውጣት፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን የሲቪል ሰርቪስ ሕግ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። በመሆኑም የቤተ መጻሕፍቱን መመዘኛ ማውጣት በዋናነት የፌዴራል፣ ባለሙያው በምን የሥራ መደብ፣ በምን ደረጃና ደመወዝ እንደሚቀጠር መወሰን ደግሞ በዋናነት የክልል ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅን አጽድቋል። እንደሚታወቀው አዋጅ ማዕቀፍን ያስቀምጣል፤ ዝርዝሩ በደንብና በመመሪያ ይሟላል። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ 4 የሚመደቡበት የኢንስፔክሽን ማዕቀፍም በሥራ ላይ ቆይቷል። ነገር ግን የኢንስፔክሽን ምዘና ጉድለትን ያመለክታል እንጂ በራሱ የሥራ መደብ አይፈጥርም፤ በጀትም አይመድብም። ትምህርት ቤቱ «ቤተ መጻሕፍቱ በባለሙያ አልተደራጀም» የሚል ግብረ መልስ በየዓመቱ ሊደርሰው ይችላል፤ ጉድለቱን የሚሞላበት መደብ ካልተፈቀደለት ግን ግብረ መልሱ ከፋይል አያልፍም።

በሩ ለምን ይቆለፋል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለትምህርት ቤት የተሰጠ መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ሲደረግ የመንግሥት ንብረት ይሆናል። የተረከበው ሰውም በፊርማው ይጠየቃል። መጽሐፍ ግን ከወንበርና ከጠረጴዛ የተለየ ንብረት ነው። ጥቅም የሚሰጠው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሲሆን፣ ሲዘዋወር ደግሞ መቀደዱ፣ ማርጀቱ፣ አልፎ አልፎም መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ በተደራቢነት የተመደበ፣ ሥልጠና ያልወሰደና ተጨማሪ ክፍያ የማያገኝ መምህር ለጠፋ መጽሐፍ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ቢሰጋና በሩን ቢቆልፍ ሊያስወቅሰው አይገባም። በንብረት አያያዝ ረገድ ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው፤ በትምህርት ረገድ ግን ቤተ መጻሕፍቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ይህን ለመፍታት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው በዓመት በአገልግሎት ምክንያት ሊጠፋና ሊያረጅ የሚችለውን የመጻሕፍት መጠን አስቀድሞ የሚገምትና ከመዝገብ የሚሰረዝበትን ሥርዓት የሚደነግግ መመሪያ ነው። ሁለተኛው ከጥበቃ ይልቅ ንባብን እንደ ዋና ተግባሩ የሚይዝ ባለሙያ ነው።

የቤተ መጻሕፍት መምህር ማን ነው?

በዘርፉ የቤተ መጻሕፍት መምህር ሲባል የመምህርነትና የቤተ መጻሕፍት ሙያን ያጣመረ ባለሙያ ማለት ነው። መጻሕፍትን ከመመዝገብና ከመደርደር ባለፈ፣ ለየክፍል ደረጃው የሚስማማውን ይመርጣል፣ ከክፍል መምህራን ጋር የትምህርት ዕቅድ ያወጣል፣ ተማሪዎች መረጃ ፈልገው፣ አመዛዝነውና በራሳቸው አገላለጽ ጽፈው እንዲያቀርቡ ያስተምራል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግለጫም አገልግሎቱ የአካባቢ፣ የክልልና የአገር አቀፍ ባለሥልጣናት ኃላፊነት እንደሆነና በተለየ ሕግና ፖሊሲ መደገፍ እንዳለበት ያስቀምጣል።

ከዚህ አንጻር በሕግ ሊረጋገጡ የሚገባቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው፦ የተፈቀደ የሥራ መደብ፣ በየዓመቱ የሚታደስ የመጻሕፍት በጀትና በክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ የገባ የንባብ ሰዓት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ብዙ አይራመዱም። ባለሙያ ኖሮ መጽሐፍ ካልታደሰ አንባቢው ይሰለቻል፤ መጽሐፍ ኖሮ ሰዓት ካልተመደበ የሩቅ ቀበሌ ተማሪ ደወል እንደተደወለ ወደ ቤቱ ስለሚጣደፍ ቤተ መጻሕፍቱን ሳያይ ዓመቱ ያልፋል።

ከአገር ውስጥና ከውጭ የተገኘ ልምድ

በአገራችን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ያስቆጠረና ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነበር። አዲስ አንባቢዎች ያወቁትን እንዳይረሱ በየገበሬ ማኅበራቱ የንባብ ቤቶች ተቋቁመው ነበር። ዘመቻው ሲቀዘቅዝ ግን አብዛኞቹ አብረው ቀዘቀዙ። ከዚያ ወዲህ እንደ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ያሉ ግለሰቦች በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ያካበቱትን ልምድ ይዘው በመመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፍተዋል፤ በሐዋሳ አካባቢም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት አድርሰዋል። እነዚህ ጥረቶች የሕፃናቱ የንባብ ፍላጎት ምን ያህል እንደሆነ አሳይተዋል። ነገር ግን ግለሰብም ሆነ ግብረ ሰናይ ድርጅት በሁሉም ወረዳ ሊደርስ አይችልም።

ከውጭ አገሮች መካከል የጃፓን ልምድ ትኩረት የሚስብ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና የቤተ መጻሕፍት መምህር እንዲኖረው አዘዘች። ይሁን እንጂ በሕጉ መጨረሻ የተጨመረ ድንጋጌ መምህሩ ለጊዜው ባይመደብም እንደሚቻል ስለፈቀደ፣ «ለጊዜው» የተባለው አርባ ዓመት አለፈው። ሕጉ በ1997 ተሻሽሎ 12 እና ከዚያ በላይ ክፍሎች ያሏቸው ትምህርት ቤቶች ባለሙያውን እንዲመድቡ የተገደዱት ከ2003 ጀምሮ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ተማሪዎችና ወላጆች የተሳተፉበት «ኢኳል ኤጁኬሽን» የተሰኘ ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ2009 ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ቤተ መጻሕፍትና አንድ ባለሙያ የሚል ዘመቻ ጀመረ። በወቅቱ አገልግሎት የሚሰጥ ቤተ መጻሕፍት የነበራቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመቶ 8 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሰላማዊ ሰልፍ፣ ድርድርና የፍርድ ቤት ክርክር ተካሂዶ መንግሥት በኅዳር 2013 የትምህርት ቤት መሠረተ ልማት ዝቅተኛ መመዘኛ ደንብ አወጣ፤ ቤተ መጻሕፍትም በደንቡ ተካተተ። ደንቡ ግን የሚመለከተው ግንባታን እንጂ የሰው ኃይልን አልነበረም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛትም በስፖኬን ከተማ ሦስት እናቶች የቤተ መጻሕፍት መምህራን ቅነሳን ተቃውመው ባደረጉት ቅስቀሳ የግዛቱ ምክር ቤት በ2008 ለዚሁ ዓላማ 4 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

ከእነዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕግ ሲረቀቅ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» ወይም «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ሐረግ ከገባበትም አፈጻጸሙ ለትውልድ ሊዘገይ ይችላል።

ጥያቄው በየት በኩል ያልፋል?

ሁሉም ነገር አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። አሁን ባለው ሥልጣን የሚፈጸም ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ የውስጥ ገቢውንና የትምህርት ቤት ድጎማውን ሲያቅዱ ለመጻሕፍት የተወሰነ ድርሻ ማስቀመጥ ይችላሉ። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተደራቢ መምህሩን ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ በመቀነስ ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። የወረዳ ምክር ቤትም ዓመታዊ በጀት ሲያጸድቅ ለመጻሕፍት ግዥ የተለየ ርዕስ እንዲያዝ መወሰን ይችላል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ ድርሻው ትንሽ መሆኑ አይቀርም። ነገር ግን በስም የተለየ ትንሽ በጀት በየዓመቱ የሚጠየቅበትና ሪፖርት የሚቀርብበት ስለሆነ በሌላ ወጪ ተውጦ አይቀርም።

ከወረዳ አቅም በላይ የሆነው የሥራ መደቡ ነው። ይህ በክልሉ ትምህርት ቢሮና በሲቪል ሰርቪሱ በኩል ተጠንቶ፣ ለአፈጻጸም መመሪያ፣ ከዚያ ከፍ ሲል በመስተዳድር ምክር ቤቱ የሚወጣ ደንብ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በክልሉ ምክር ቤት ጸድቆ በዝክረ ሕግ የሚታተም አዋጅ ይጠይቃል። የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ጽሕፈት ቤቶች ተመሳሳይ ችግር ስላለባቸው፣ በተናጠል ከሚጽፉ ይልቅ የትምህርት ቤቶቻቸውን መረጃ በአንድ ቅጽ አጠናቅረው በዞኑ በኩል ቢያቀርቡ ጥያቄያቸው የበለጠ ክብደት ያገኛል። መረጃው ስንት መጽሐፍ አለ ከሚለው ባሻገር፣ በሩ በሳምንት ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ በወር ስንት ተማሪ ይዋሳል የሚሉትን ቢያካትት ውሳኔ ሰጪው ችግሩን በትክክል ይረዳዋል።

ጊዜው አሁን ነው

ጥያቄው ዛሬ የሚነሣበት የተለየ ምክንያትም አለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተፈጠረው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ጉዳትም ደርሶባቸዋል። ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች ሲመለሱ ያመለጣቸውን በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ሊያካክሱ አይችሉም። ትምህርት ቤቶች ሲጠገኑና ግብዓት ሲሟላላቸው መጀመሪያ የሚታሰበው ጣሪያና ወንበር መሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያው ዕቅድ ውስጥ ለቤተ መጻሕፍት መምህር አንድ መደብ ካልተያዘ፣ የሚላኩት መጻሕፍት እንደቀድሞው በካርቶን ታሽገው እንዲቀመጡ መፍረድ ይሆናል።

የጋይንት አባቶች መጽሐፍን ከባለሙያ ሳይለዩ ዕውቀትን ለትውልድ አስተላልፈዋል። የወረዳ፣ የዞንና የክልል ኃላፊዎችም በቀጣዩ የበጀት ዝግጅት ወቅት በአካባቢያቸው ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቆመው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ያ ሰውም ለምን እንደሚከፍተው ወይም እንደማይከፍተው ቢጠይቁ፣ የሚያገኙት መልስ የትኛው መመሪያ እንደጎደለ በቀጥታ ያመለክታቸዋል።