የሶዶ ቅቤና የሰሎሞን ምክር

«ማርኬቲንግ» የሚባለውን ትምህርት በዩኒቨርስቲ ሳለሁ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሬአለሁ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌአለሁ። ነገር ግን ከተመረቅሁ በኋላ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የቅቤ ንግድ ጀምሬ በስድስት ወር ውስጥ ለምን እንደ ከሰርሁ ያስረዳኝ ደብተሬ ሳይሆን፣ በወላይታ ሶዶ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። እርሳቸውም ቢሆኑ ሊያስተምሩኝ ብለው የተናገሩት ነገር የለም። ታሪኩን ለተማሪዎችና ገና ሥራ ለያዙ ወጣቶች መንገሩ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ስላሰብሁ፣ ኀፍረቱን ችዬ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። የሻሸመኔ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭና የጅማ መንገዶች ስለሚገናኙባት የገበሬው ዕቃ ወደ ሩቅ አገር በቀላሉ ይጫናል። ከዚህም ዕቃ ሁሉ ስሙ ገኖ የሚጠራው ቅቤው ነው። በወላይታ ቅቤ የወጥ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ የጊፋታ በዓል በመስከረም ሲደርስ ወንዶቹ ለበሬ መግዣ፣ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤ መግዣ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቀሙትን ያወጣሉ። እንግዲህ አንዲት እመቤት የዓመት ቍጠባዋን ይዛ ገበያ ስትወጣ የምትገዛው ቅቤ ተራ ዕቃ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

እኛም ይህን ስም ወደ ገንዘብ ለመለወጥ አሰብን። በቡድን ዋስትና ተበደርን፤ የቡድን ዋስትና ማለት አንዱ ቢጠፋ ሦስቱ ይከፍላሉ ማለት ነው። የግማሽ ኪሎ ዕቃ አስመጣን፤ በላዩም የዳሞታን ተራራ አሣለን «ንጹሕ የወላይታ ቅቤ» ብለን ጻፍን፤ ከሥሩም «ምሳሌ 22፥1» የሚል ጨመርን። በዚያ ቦታ መልካም ስም ከብዙ ሀብት እንደሚበልጥ መነገሩን ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ይህን ማድረጋችን በሶዶ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ስም የያዘ የሱቅ ሰሌዳ በከተማይቱ ብዙ ነው። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ2002 በሙሉ በወላይትኛ ታትሞ ስለ ወጣ፣ ገበያተኛው የሰሎሞንን ምክር በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያነበዋል።

ቅቤውን ግን ከደላላ ገዛነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ከሴቶቹ ዘንድ እየዞርን እየቀመስን እንግዛ ብሎ ነበር፤ እኛ ግን የተማረ ሰው ጊዜውን በቅምሻ አያጠፋም ብለን ሣቅንበት። ወደ አዲስ አበባ የላክነው የመጀመሪያው ጭነት ደኅና ነበር። ሁለተኛው ሲነጠር ከድስቱ ሥር ነጭ ዝቃጭ አስቀረ፤ ሽታውም የሙዝ ሆነ። በዕቃው ላይ በጻፍነው ስልክ አንዲት እናት ደወሉልኝና «ልጄ፣ እኔ የገዛሁት ጥቅሱን አንብቤ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ ስልኩን ዘጉት። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

ቅቤን ከረጋ የአትክልት ዘይት፣ ከሙዝና ከሞራ ጋር የመደባለቅ ነገር በአገራችን ብዙ ጊዜ የተወራበት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥን ይከለክላል። እኛ በእጃችን አልደባለቅንም። ነገር ግን የደባለቀው ሰው ማንነት እንዳይታወቅ በዳሞታ ሥዕልና በሰሎሞን ጥቅስ ሸፈንለት።

ከዚህ በኋላ ነው እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ ቅቤ ወደምትገዛባቸው ሴትዮ የሄድሁት። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ አይጣሩም፤ የማንንም እጅ አይስቡም። አንዲት ወጣት መጣችና በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተች፤ «ይኼማ ምኑም አይረባ፣ ዋጋውም እሳት ነው» አለች። እርሳቸው ፈገግ አሉና «ለምን ፈልገሽው ነው?» ብለው ጠየቋት። ለራሷ ልትቀባው መሆኑን ስትነግራቸው፣ «እንግዲያውስ ይኼ በስሏል፤ ለወጥ እንጂ ለራስ አይሆንሽም። ለጋውን ከዚያች ከነጠላ ለባሽዋ ግዢ» ብለው ወደ ሌላ ሻጭ ላኳት። ገንዘቧን ይዛ የመጣችን ገዥ መስደዳቸው ነው! እኔ ይህን ስመለከት አንድ ሴሚስተር ሙሉ የተማርሁት ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። ልጅቷ ግን ሄዳ ለጋውን ከገዛች በኋላ ተመልሳ መጥታ ለወጥ የሚሆነውን ከእርሳቸው ወሰደች፤ «መርቂልኝ» ብትላቸውም ከሚዛኑ በላይ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ጨመሩላት። በአማርኛችን ለበረከቱም ለጭማሪውም ቃሉ አንድ፣ ምርቃት፣ መሆኑ ደስ የሚል ነገር ነው።

ወደ ቤት ስመለስ መጽሐፈ ምሳሌን ከፍቼ አነበብሁ። በምዕራፍ 20 ቍጥር 14 ላይ ገዥው ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ ከሄደ በኋላ በገዛው ነገር እንደሚመካ ተነግሯል። ይህን የጻፈው ሰው ገበያ ውስጥ የዋለ መሆን አለበት። ከሺህ ዘመናት በፊት የነበረው ገዥ የሶዶዋን ልጅ ይመስላልና። ምዕራፍ 27 ደግሞ ሰው በገዛ አፉ ራሱን እንዳያመሰግን፣ ይልቁንም ሌላው እንዲያመሰግነው ይመክራል። እኛ ግን ገና አንድ ሰው ሳያመሰግነን «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ራሳችን አሳተምን።

ስለ ሚዛንም መጽሐፉ ደጋግሞ ይናገራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የተቀረጸ ገንዘብ ባልነበረበት ዘመን ብሩ ራሱ ይመዘን ስለ ነበር፣ ነጋዴው የሚመዝንባቸውን ድንጋዮች በከረጢት ይዞ ይዞር ነበር። አታላዩም ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይይዛል፤ ሲገዛ በከባዱ፣ ሲሸጥ በቀላሉ ይመዝናል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 የሚከለክለው ይህን ነው። የጥንት ቅርስ መርማሪዎች በይሁዳ ምድር እንዲህ ያሉ ከኖራ ድንጋይ የተሠሩ፣ አናታቸው እንደ ጉልላት የሆነ መመዘኛዎች አግኝተዋል፤ አንዱ ሰቅል ከ11 ግራም ጥቂት ይበልጣል። ነገሩ የእስራኤል ብቻ አልነበረም። አሜንኤሞፔ በተባለ ሰው ስም የተጻፈው፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የግብፅ የምክር ጽሑፍም ሚዛን እንዳይዛባ ያስጠነቅቃል። እኛስ ብንሆን ሥሩ ወደ ውስጥ የተሰረጐደ ጣሳ በእህል ገበያ መች አጣን?

ይህን ሁሉ የዘመኑ ሊቃውንት በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ ነበር፤ በ2001ም ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሐሳቡም እንዲህ ነው፤ ገዥው መልካሙን መኪና ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ባለ መልካሙ መኪና በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ብቻ ይሆናል። በመኪናው ፈንታ ቅቤን ተኩና የሶዶን ገበያ አስቡ። የተደባለቀው ቅቤ የሚጎዳው የተታለለውን ገዥ ብቻ አይደለም፤ ንጹሑን ያመጣችው ሴት በተደባለቀው ዋጋ እንድትሸጥ ስለምትገደድ፣ አንድ ቀን መምጣቷን ትተዋለች።

እዚህ ላይ ግን ከአንዳንድ ሰባኪዎችና ከአንዳንድ የንግድ አማካሪዎች ጋር አልስማማም። እነርሱ እውነተኛ ሁን እንጂ ብልጽግናው በራሱ ይመጣል ይላሉ። መጽሐፉ እንዲህ ቀላል ነገር አይናገርም፤ መክብብ ምዕራፍ 9 ጥበበኛ ሁሉ እንጀራ፣ አስተዋይም ሁሉ ሀብት እንደማያገኝ በግልጽ ያስረዳል። እኒያ እናት ለብዙ ዓመታት በእውነት ሸጠዋል፤ ሀብታም ግን አይደሉም። ስማቸው የሚሠራው ፊታቸውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በገበያችን ገዥም ሻጭም እርስ በርሳቸው «ደንበኛዬ» ይባባላሉ፤ ቃሉ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ቅቤያቸው በደላላ እጅ ከሌላው ጋር በአንድ በርሜል ተደባልቆ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ግን ደንበኛ የሚባል ነገር በመንገድ ይቀራል። አዲስ አበባ ሲደርስ የማንም ቅቤ አይደለም። እንደ እኔ አስተያየት የአነስተኛ ነጋዴው ትልቁ ችግር የማስታወቂያ እጥረት ሳይሆን፣ ስሙ ከዕቃው ጋር አብሮ አለመጓዙ ነው።

ስለዚህ ከጓደኞቼ ሁለቱ ሥራውን ሲተዉ እኔና ያ ቀድሞ የሣቅንበት ጓደኛዬ ቀጠልን። አሁን የምንገዛው እየቀመስን ከሰባት ሴቶች ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው የገዛነውን ጥቂት ጥቂት አንጥረን ሳናይ አንጭንም። በዕቃው ላይ ያለውን «ንጹሕ» የሚለውን ቃልና ጥቅሱን አንሥተን፣ ቅቤውን የሸጠችልንን ሴት ስምና የተገዛበትን ቀን በእጃችን እንጽፋለን። ለጋ፣ መካከለኛ ወይም በሳል መሆኑንም እንጨምራለን። ሴቶቹ ፈቅደውልናል፤ አንዲቱ ግን ስሟ አዲስ አበባ ድረስ እንደሚሄድ ስትሰማ፣ «እንግዲያውስ የዛሬውን ተዉትና የሚቀጥለውን ገበያ የማመጣውን ውሰዱ» ብላ የዘረጋችውን ቅቤ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ በፊት የነበረው ምን ጉድለት እንዳለበት አልጠየቅናትም።

የምንጭነው ከቀድሞው ከግማሽ ያነሰ ነው። ከዕዳውም ገና ብዙ ይቀረናል፤ የሁለቱን ጓደኞቻችንን ድርሻ የምንከፍለውም እኛው ነን። በስልክ ላነጋገሩኝ እናት በዚህ ወር ከሴትዮዋ የገዛሁትን ግማሽ ኪሎ በሳል ቅቤ ያለ ዋጋ በሰው እጅ ልኬላቸዋለሁ። መድረሱን ሰምቻለሁ፤ እርሳቸው ግን እስካሁን አልደወሉልኝም።