ያማረው አውራ ለገበያ፤ የደከመው ለዘር

የፋሲካ በዓል ሲቃረብ ወደ ዶሮ ተራ ወጥቶ የተመለከተ ሰው የገዢውን ጠባይ ሳያስተውል አይቀርም። ገዢው አስቀድሞ የሚያየው መልኩን ነው። ቀይ፣ ነጭ ወይም ገብስማ የሆነ፣ ደረቱ የሞላ አውራ ዶሮ ቶሎ ይሸጣል፤ ጥቁሩ ግን ሥጋው ሳያንስ ዋጋው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዶሮ የሚያረባ ቤተ ሰብ ስለ መልክ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ በዚህ ውስጥ አንድ የተሰወረ ጉዳት አለ። ያማረውና የገዘፈው አውራ በበዓሉ ዋዜማ ሲሸጥ በግቢ የሚቀረው ገዢ ያጣው ቀጫጫ ነው፤ ለሚመጣው ዓመት ጫጩቶች አባት የሚሆነውም እርሱ ነው። እኛም በገዛ ግቢያችን ይህንኑ ስሕተት ሠርተናል። ቀዩን አውራችንን ለፋሲካ ሸጠን በዋጋው ደስ ብሎን ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ግን ከጫጩቶቹ መካከል ለበዓል ገበያ የሚበቃ አንድ እንኳ አላገኘንም።

መልክ እንዴት እንደሚወረስ ማወቅ ይጠቅማል። ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘው የውርስ ሕግ በእንስሳትም እንደሚሠራ እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ቤትሰን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 በዶሮ አስረድቷል። አንዳሉሲያ የምትባለው አመድማ ዶሮ ለዚሁ ምሳሌ ናት። አመድማ ከአመድማ ጋር ቢገናኝ ከአራት ጫጩቶች በግምት ሁለቱ አመድማ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱም ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ይሆናል። ይህን ጥቁርና ይህን ነጭ ቢያገናኙ ግን ሁሉም አመድማ ሆነው ይፈለፈላሉ። እንግዲህ መልክን ብቻ አይቶ ዘርን መገመት ያሳስታል።

መልክና ጥቅም የሚስማሙበት ጊዜም አለ። በ1873 ከቻይና ወደ አሜሪካ የተወሰደው የፔኪን ዳክዬ የተወደደው ፈጥኖ ስለሚያድግና ላባው ነጭ ስለ ሆነ ነው፤ ነጭ ላባ ሲነጭ በቆዳው ላይ ጥቁር ምልክት አይተውም።

ያገራችንም ዶሮ ብትመረጥ ትሻሻላለች። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 የሆሮን ዶሮ ወስዶ በእንቁላልና በክብደት የበለጡትን እየለየ ማራባት ጀምሮ፣ ትውልድ በተተካ ቍጥር ብልጫ አሳይቷል።

በቤትም ይህን ማድረግ ይቻላል። በዓሉ ሳይደርስ ከወንዶቹ ፈጥኖ ያደገውንና እናቱ ብዙ የምትጥል የሆነውን መርጦ በእግሩ ላይ ክር ማሰር ይገባል፤ ክር የታሰረበት ገዢ ቢለምንም አይሸጥ። እንቁላል የምትጥለዋን ሴት ለመለየት ከመቀመጫዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች መዳሰስ ነው፤ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚገባ ከሆነ እየጣለች ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ ግን አቋርጣለች። ለአሥር ሴቶች አንድ አውራ ይበቃል። ቄቦቹ ለእንቁላል ሲደርሱ ከአባታቸው ጋር እንዳይገናኙ ከጎረቤት ጋር አውራ መለዋወጥ መልካም ነው።

ከሁለት ያማሩ ቀያዮች አንዱን ለገበያ አውጥተን የበለጠውን ለዘር ብናስቀር፣ ለከርሞ ፋሲካ ከግቢያችን የሚወጣው አውራ መልኩም ክብደቱም የሚያስመሰግን ይሆናል።