ድንበር ላይ የሚከስም ብርሃን

ብርጭቆ ውሃ ሙሉና በእጃችሁ ጨብጡት። ከዚያ በአፉ በኩል አዘንብላችሁ የጎኑን ግድግዳ ከውስጥ ተመልከቱ። ግድግዳው እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ ከኋላው ያለው እጃችሁ አይታይም። ጣቶቻችሁ ብርጭቆውን የነኩበት ቦታ ላይ ግን የአሻራችሁ መስመሮች አንድ በአንድ ጎልተው ይወጣሉ። ጠበቅ ስታደርጉ ይደምቃሉ፤ ላላ ስታደርጉ ይጠፋሉ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ቆዳ ከብርጭቆው የራቀው በጣም በጥቂቱ ነው፤ እሱም ቢሆን አይታይም። የነካ ብቻ ነው የሚታየው።

ቲርፍ የሚባለው ማይክሮስኮፕ ይህንኑ ነገር በጣት ፈንታ በሕያው ህዋስ ላይ ይሠራዋል።

ብርሃን ከመስታወት ወደ ውሃ ሲሻገር አቅጣጫውን ይቀይራል። ጨረሩን እያጋደልን ብንሄድ፣ ከመስታወቱ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው መስመር ስንለካ 61 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሻገሩ ይቀርና ሁሉም ወደ መስታወቱ ይመለሳል። ይመለሳል ይባል እንጂ ማዶውን ባዶውን አይተወውም። ከድንበሩ ባሻገር ስስ የብርሃን መስክ ይፈጠራል። ይህ መስክ እንደ ጨረር ወደ ፊት አይገሰግስም፤ ከመስታወቱ በራቀ ቁጥር ፈጥኖ ይከስማል። ኢቫነሰንት ብርሃን የሚሉት ይህንን ነው። በተለመደው አሠራር 100 ናኖሜትር ላይ ከጉልበቱ የሚቀረው ከሲሶ ትንሽ በልጦ ነው፤ 300 ናኖሜትር ላይ 5 በመቶ ብቻ።

100 ናኖሜትር ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ህዋሱን ድፎ ዳቦ እናድርገው። ህዋሱ 5 ማይክሮሜትር ቢወፍርና ዳቦው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ ብርሃኑ የሚደርሰው ኮባው ላይ ያረፈችው 4 ሚሊሜትር የታች ቅርፊት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። የመሣሪያው ብርታት ያለውም እዚህ ጨለማ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ በሚያበራ ቀለም የሚሠራው ተራ ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ህዋሱን ከላይ እስከ ታች ስለሚያበራው፣ የምንፈልጋት አንዲት ነጥብ በሌሎች ሺህ ነጥቦች ጭጋግ ትዋጣለች። ኮንፎካል የተባለው ማይክሮስኮፕ ጭጋጉን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን እሱም ለይቶ የሚያሳየው ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ማይክሮሜትር ይወፍራል። ቲርፍ ጭጋጉን የሚያጠፋው ሳያበራው በመተው ነው። ህዋሱም አብዛኛው አካሉ ከሌዘሩ ስለሚድን ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት እያለ ይታያል።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ኢ. ጄ. አምብሮዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ህዋሶች ሲንቀሳቀሱ መስታወቱን የት የት እንደሚረግጡ በዚህ ዘዴ ተመልክቷል። ዘዴውን ከፍሎረሰንት ቀለም ጋር አዋህዶ ለህዋስ ጥናት ያመቻቸው ግን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል አክስልሮድ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1981 ነበር። በመጀመሪያ ብርሃኑ በፕሪዝም በኩል ይገባ ነበር። አሁን በብዛት የሚገባው በራሱ በማይክሮስኮፑ ሌንስ ጠርዝ ነው፤ በሌንሱና 0.17 ሚሊሜትር በምትወፍረው የመስታወት ገበታ መካከልም አንዲት የዘይት ጠብታ ትደረጋለች።

ማዕዘኑን ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሌዘሩ ሲለኮስ ከሌንሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጣሪያው ላይ ነጥብ ይሠራል። ባለሙያው ቁልፉን ቀስ እያለ ሲያዞር ነጥቡ ከጣሪያው ወደ ግድግዳው ይወርዳል፤ በመጨረሻም ከክፍሉ ይሰወራል። በዚያችው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ የነበረው ጭጋግ ይገፈፋል። ጥቁር ሰማይ ላይ እንደተበተነ ኮከብ፣ የህዋሱ ወለል በነጥብ በነጥብ ይታያል።

እዚያ ወለል ላይ የሚካሄደው ነገር ብዙ ነው። የህዋስ ሽፋን ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም፤ ምግብም ሆርሞንም ትእዛዝም የሚያልፈው ግን በእሱ በኩል ነው። ከኩላሊት በላይ ያለውን ዕጢ እንውሰድ። ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታው አድሬናሊን የሚመነጨው ከዚያ ነው። የዕጢው ህዋሶች አድሬናሊኑን በጥቃቅን ከረጢቶች ቋጥረው ያስቀምጡታል። በ1997 ሃይደልበርግ ውስጥ ስታየር፣ ሆርስትማንና አልመርስ ከከብት ዕጢ በተወሰዱ ህዋሶች ውስጥ እነዚህን ከረጢቶች ቀለም አጠጥተው በኢቫነሰንት ብርሃን ተከታተሏቸው። ከረጢቱ ወደ ሽፋኑ ሲቀርብ ብርሃኑ ይበልጥ ስለሚያገኘው እየደመቀ ይመጣል፤ ሲደርስም እንቅስቃሴው ቀዝቀዝ ይላል፣ ሽፋኑ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ህዋሱ ሲነቃቃ ቀለሙ እንደ ትንሽ ደመና ቦግ ብሎ ይበተናል፤ ከረጢቱ የነበረበት ቦታም ይጨልማል። ስለ ድንጋጤ ሳስብ ይህች የብርሃን ቦግታ ትታየኛለች፤ አንድ ከረጢት ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላው።

ጃፓን ውስጥ የቶሺዮ ያናጊዳ ቡድን ደግሞ በ1995 ከዚህም ወርዶ ነጠላ ሞለኪውሎችን በውሃ ውስጥ አየ፤ የጡንቻ ፕሮቲን የሆነው ማዮሲን የኃይል ስንቁን አንድ በአንድ ሲጠቀም። በ2000 ይኸው ዓይነት ምልከታ በሕያው ህዋስ ሽፋን ላይ ተደገመ።

መሣሪያው የማይችለውም ግልጽ ነው። የህዋሱን ኒውክሊየስ፣ የላይኛውን ሽፋኑን ወይም መስታወቱን ያልነካውን ክፍል አያሳይም። አንድ ነገር ከስክሪኑ ሲጠፋም ተመልካቹ መጠንቀቅ አለበት፤ ቀለሙ ነዶ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ከረጢቱም ሳይከፈት 200 ናኖሜትር ያህል ወደ ላይ ፈቀቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ያችን የቀለም ደመና በዓይናቸው ሳያዩ «ተከፈተ» ብለው የማይመዘግቡት።