የትልልቅ ውሾች ቡችሎች ምን ያህል ይሩጡ?

በአዲስ አበባ ግቢያቸውን ለማስጠበቅ ሲሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ትልልቅ የውሻ ዘሮችን የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም ዘሮች በብዛት የሚታየው ጀርመን ሸፐርድ የሚባለው ነው። በእኛም ቤት አንድ የሰባት ወር ቡችላ አለ፤ ጧትና ማታ እሱን ማንሸራሸር የእኔ ሥራ ነው። በመንገድ የሚያዩኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ምክር ይሰጡኛል። አንዳንዶቹ «ጠንካራ እንዲሆን በደንብ አሩጠው» ሲሉ፥ ሌሎቹ ደግሞ «ኃይለኛ እንዲሆን ከሰንሰለት አትፍታው» ይላሉ። ሁለቱም ምክር ለቡችላ የማይበጅ መሆኑን ስላነበብሁ፥ ያገኘሁትን ዕውቀት ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የቡችላ አጥንት እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ያስፈልጋል። የእግር አጥንት የሚረዝመው ከመካከሉ ሳይሆን ከጫፎቹ አጠገብ ነው። በዚያ ቦታ ስስ የሆነ ልም አጥንት አለ፤ እሱም እየተባዛ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። ዕድገት ሲያበቃ ይህ ክፍል ጨርሶ ይደነድንና አጥንቱ መርዘሙን ያቆማል። እስኪደነድን ድረስ ግን ደካማው ቦታ እሱ ስለሆነ፥ ቡችላው ከከፍታ ቢዘል ወይም ቢወድቅ ሊጎዳ ይችላል። ከተጎዳም እግሩ ሊጣመም ወይም ከሌላው እግር ሊያጥር ይችላል።

ትንንሽ ዘሮች ይህን ዕድገት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይጨርሳሉ። ትልልቆቹ ግን ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅባቸዋል፤ እንደ ግሬት ዴን ያሉት እጅግ ግዙፎች ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቈዩ ይችላሉ። ችግሩም ከዚህ ላይ ነው። ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ያህል የነበረው ቡችላ በሰባት ወሩ ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ለሚያየው ሰው ሙሉ ውሻ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን ገና የልጅ አጥንት ነው።

በነዚህ ዘሮች ላይ በብዛት ከሚታዩት የመገጣጠሚያ በሽታዎች ዋናው ሂፕ ዲስፕሌዥያ ይባላል። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ድቡልቡል ሲሆን፥ የሚቀመጠው በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። መገጣጠሚያው ከላላ ኳሱ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ልም አጥንቱን ይፍቃል፤ በኋላም ቍርጥማት ይከተላል። እንዲህ ያለው ውሻ ከተኛበት ሲነሣ ይቸገራል፤ ደረጃ መውጣት ይፈራል፤ ሲሮጥም ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሣል። ይህን በሽታ በውሻ ላይ መጀመሪያ የገለጸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጌሪ ሽኔል ነው። በሽታው በዘር የሚተላለፍ ነው። ሆኖም ቡችላው ሲወለድ መገጣጠሚያው ደኅና ነው፤ የሚላላው በኋላ ሲያድግ ነው። ስለዚህ አስተዳደግም የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው።

በኖርዌይ አገር በአራት ትልልቅ ዘሮች ላይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ያስረዳል። ከተወለዱ እስከ ሦስት ወራቸው ደረጃ ይወጡና ይወርዱ የነበሩት ቡችሎች ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዕድሜ ሳይታሰሩ በለስላሳና ወጣ ገባ ባለ መሬት ላይ ይጫወቱ የነበሩት ግን የተጋለጡት ባነሰ መጠን ነው። እንግዲህ ጎጂው እንቅስቃሴ ራሱ ሳይሆን ዓይነቱና ቦታው ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል። አንደኛ፥ ቡችላው በሣር ወይም በአፈር ላይ በራሱ ፈቃድ ይጫወት፤ ሲደክመውና ሲተኛ ይተዉት። ሁለተኛ፥ በአስፋልት ላይ ከብስክሌት ጋር ማሮጥና ረጅም ሩጫ ዕድገቱን እስኪጨርስ ይቈይ። ሦስተኛ፥ ከመኪና ላይና ከአጥር ላይ እንዲዘል አይፈቀድለት፤ ትንሽ ሳለ ደረጃ ላይ ተሸክሞ ማውጣትና ማውረድ ይሻላል። የቤቱ ወለል የሚያንሸራትት ሴራሚክ ከሆነም ምንጣፍ ይነጠፍለት። በገመድ ይዞ ለማንሸራሸር ብዙ ሰዎች ለእያንዳንዱ የዕድሜ ወር አምስት ደቂቃ ይሰጣሉ፤ ይኸውም ለአራት ወር ቡችላ 20 ደቂቃ ማለት ነው። ይህ በምርምር የተረጋገጠ ሕግ ሳይሆን ግምት ነው፤ ቢሆንም ከመጠን እንዳናልፍ ይረዳል። ቀኑን ሙሉ ማሰርም መፍትሔ አይሆንም። መገጣጠሚያን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ እንቅስቃሴ አይጠነክርም።

ምግብም ከእንቅስቃሴ ያላነሰ ነገር ነው። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ቡችሎች ጥንድ ጥንድ ተደርገው፥ ከየጥንዱ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ከወንድሙ በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። ጥቂት የበሉት የዳሌ መገጣጠሚያቸው የተሻለ ሆነ። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤትም የነዚህ መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት፥ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር። ይህ ማለት ቡችላን ማስራብ አይደለም፤ ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ በቀላሉ የሚታወቅ፥ ያልወፈረ ይሁን ማለት ነው። ደግሞም አጥንቱ ይጠንክር ብሎ ለቡችላ በተዘጋጀ ሙሉ ምግብ ላይ የካልሲየም ኪኒን መጨመር ይጎዳል፤ የትንሽ ቡችላ አንጀት ትርፉን መመለስ አይችልምና። ሥጋ ብቻ የሚበላው ግን ካልሲየም ስለሚያንሰው የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከጥቂት ቀን በላይ የሚያነክስ ቡችላ ካለ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ዝም ማለት አይገባም። ውሻ ሕመሙን በቃል አይናገርም። በሁለት ዓመቱ መነሣት ያቃተው ውሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግቢ አይጠብቅም ተብሎ ወደ መንገድ ይጣላል። አበው «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ፤ የአንድ ዓመት ተኩል ትዕግሥት ለውሻው የዐሥር ዓመት ጤና ሊያተርፍለት ይችላል።