መብራቱ በራ ማለት ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም

በአትላንታ መኪናችሁ እንጀራችሁ ለሆነ ሁሉ። ቁልፉን ስታዞሩ ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይሠራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ብዙ ሰው «ኤሌክትሪክ ስላለ ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ሞተሪኖ ሊገዛ ይሮጣል። ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም። ሬዲዮና የዳሽቦርድ መብራት የሚፈልጉት ጥቂት አምፔር ነው፤ ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። የደከመ ባትሪ የመጀመሪያውን ይችላል፣ ሁለተኛውን አይችልም። የጆርጂያ የበጋ ሙቀት ባትሪን ከውስጥ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ብርድ ሲገባ ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ባትሪውን በቮልት ቴስተር መለካት ይቅደም። ለሰዓታት በቆመ መኪና ላይ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቴስተሩን ተመልከቱ፦ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። ቮልቱ ሳይወርድ አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ የባትሪውን ገመዶችና ሞተሪኖውን መርምሩ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልነሳ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ወይም እሳት ጋ ነው።

«ከሌላ መኪና በኬብል ሲነሳ ባትሪው መሆኑ ታወቀ አይደል?» ትሉ ይሆናል። ገና አልታወቀም። ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ ወደ 14 ካልተጠጋ ባትሪውን የማይሞላው ዲናሞው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አዲስ ባትሪም አይበረክትም። አውቶዞንን የመሳሰሉ መደብሮች ባትሪ በነፃ ይመረምራሉ፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስመርምሩ።